ወርቁ ወይስ ጭራቁ?

በመካከላችን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ በየቅዳሜው ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱ ጓደኞች አሉ። ሰሞኑን የያዛቸው ክርክር አሮጌውን ደንብ እንያዝ ወይስ የታደሰውን እንቀበል የሚል ነው። አብዛኛዎቹ «ደንቡ ቢለወጥ ጨዋታው ያው ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፥ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ዋሻውንና ጭራቁን ይተርካል፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይቈረጣል። ጀግናው ነጥብ ሲያከማች በማዕርግ ከፍ ይላል። እንግዲህ ቁም ነገሩ ነጥቡ በምን ይገኛል የሚለው ነው።

በ1981 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) በታተመው የጀማሪዎች ደንብ ከዋሻው ለወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ኦርክ የሚሉትን ጭራቅ ለገደለ ግን 10 ነጥብ ብቻ! ተዋጊው ሁለተኛውን ማዕርግ የሚያገኘው በ2,000 ነጥብ ስለሆነ፥ ለብቻው በሰይፍ ልደግ ያለ ሰው 200 ኦርክ መግደል ነበረበት። የጤናው ነጥብ ዜሮ ከገባ ደግሞ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ጭራቁን ማባበል፥ መደለል፥ በጓሮ ዞሮ ሣጥኑን ማንሣት ይማር ነበር። መሪውም ጭራቁ ገና ሲታይ ሁለት ዳይስ ጥሎ ጠባዩን ይወስን ስለነበር፥ ሰላምታ የሚመልስ ኦርክ አይጠፋም።

በ1989 የወጣው ሁለተኛ እትም የወርቁን ነጥብ ለመሪው ፈቃድ ተወው፤ የ2000ው ሦስተኛ እትም ጭራሹን አስቀረው። በ2014ቱ ደንብ ኦርክ 100 ነጥብ ያወጣል፤ ሁለተኛው ማዕርግ የሚጠይቀው 300 ነው። ለብቻው ለሚዋጋ ሦስት ኦርክ ይበቃዋል ማለት ነው! የወደቀውም ጀግና ከመሞቱ በፊት በዳይስ ዕድሉን ይሞክራል። እንዲህ ከሆነ በጓሮ የሚዞር ማን ነው? መምህር ለሽምደዳ ማርክ ከሰጠ ክፍሉ በሙሉ እንደሚሸመድድ እኛ ተማሪዎች ሳይነገረን እናውቃለን።

የአዲሱ ደንብ ወዳጆች «ጭራቁን ሳይገድሉ ማለፍም ነጥብ ሊያሰጥ ይችላል» ይሉናል። እውነት ነው፥ መሪው ከፈቀደ። ሒሳቡም ለጀማሪ እንደሚቀል አይካድም፤ የአሮጌው ሠንጠረዥ ራስ ያዞራል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ የአዲሱን ደንብ ቀላል ሒሳብ እንውሰድ፤ ነጥቡ ግን በወርቅ ይቈጠር፤ ለሁለተኛው ማዕርግ የሚያስፈልገውም እንደ ጥንቱ 2,000 ይሁን። የማይስማማ ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍልን።