ካሜራ ሲዳር

በመቀሌ ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ሰሞን ሲገባ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ብቻ አይደሉም የሚዳሩት፤ ካሜራም ይዳራል። እንዲያውም የበላዩ እሱ ነው። «ቁሙ» ሲል ይቆማል፣ «እንደገና ግቡ» ሲል ይገባል። ሙሽሮቹን ከሐውልቱ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ መናፈሻ ሲያዞራቸው ይውላል፤ እንግዳው ዳስ ውስጥ ረኃቡን ይዞ ይጠብቃል። ጓይላው ግሎ፣ ከበሮው ተፋጥኖ ጨዋታው እሳት ሊሆን ሲል መብራት የያዘው ልጅ መሐል ገብቶ ክቡን ይቆርጠዋል። አቦይ መርቀው ሲጨርሱ ደግሞ «ብርሃን አንሶን ነበር፣ አንዴ ይድገሙልን» ይባላሉ። ምርቃት ይደገማል ወይ? ኧረ በሕግ አምላክ!

ይህን ስንል ከእኛው መሐል አንዳንድ ጓደኞቻችን ደስ ይላቸዋል። «ድሮም ብለናል፣ ቪዲዮ የከበርቴ ቅንጦት ነው፣ ጨርሶ ይቅር» ይሉናል። ከእነሱም ጋር አንስማማም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዚህ አገር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ተዘግቶ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ሞቱን እንኳ የሚያረዳ አልነበረም። ስንት ቤት ነው ዛሬ የልጁን መልክ የሚያገኘው ከጎረቤት የሠርግ ፊልም ላይ፣ ሚዜ ሆኖ ሲስቅ? ቅንጦት ነው የሚል ይሂድና ለእናትየዋ ይንገራት።

ስለዚህ ጠባችን ከፊልሙ ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር ነው።

ለምሳሌ ድሮን። ከሰማይ ያልተቀረጸ ሠርግ ሠርግ አይመስልም የሚል ፈሊጥ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ከ50 ሰው በላይ የጨረሰው ድሮን ነው። በመስከረም 2015 የራሳችንን የዓዲ ሓቂ ግቢ የመታውም ድሮን ነው። የሠርጉ ትንሽ መጫወቻ እንደሆነ አጥተነው አይደለም፤ ጆሮ ግን ይህን አይለይም። ያ ድምፅ ከዳሱ በላይ ሲያንዣብብ ጠላ የያዘች እናት ብትደነግጥ፣ ሕፃን ጠረጴዛ ሥር ቢገባ «አይዞሽ፣ ለውበት ነው» ልንላት ነው? በመቀሌ ሰማይ ሥር የሚደግስ ሰው ይህን ውበት ቢተወው ምን ይጎድልበታል?

ታዲያ ጥሩ ፊልም እንዴት ይገኛል? አስቀድሞ በመነጋገር ነው እንጂ በገንዘብ ብዛት አይደለም። ቀራጩ ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ይጠጣ፤ ማን ማን እንደሆነ ይወቅ። መጀመሪያ አያቶች፣ ቀጥሎ ከገጠር የሚመጡት ዘመዶች። ወጥ ቤት ያሉትንም ሴቶች አይርሳ፤ እነሱ በየፊልሙ የሉም፣ እንጀራው ራሱን በራሱ የጋገረ ይመስላል! ተክሊል ካለ የት እንደሚቆም፣ መብራት ይፈቀድለት እንደሆነ ካህናቱን ቀድሞ ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዲያቆን ጋር መጋፋት ነውር ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ትርፍ ባትሪ ይያዝ።

ከሁሉ በላይ ድምፅ! የገዝሚው ነገር በሽማግሌ ፊት ሲነሣ፣ አቦይ ሲመርቁ፣ አደይ ስታለቅስ የሚሰማ ነገር አለ። ትንሽ የድምፅ መቅጃ የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ብትያያዝ ማንንም አትጎዳ። የደበዘዘ ምስል እንደምንም ይታያል፤ ያልተቀዳ ቃል ግን ከየት ይመጣል? አሁን የምናየው ግን ምርቃቱ ሁሉ ተቆርጦ የሰሞኑ ዘፈን ከላይ ተጭኖበት ነው። የሰው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ዘፋኙ ይጮኻል።

ቀብድ ሲሰጥም ፊልሙ የሚደርስበት ቀን በወረቀት ይስፈር። ልጅ ወልዶ፣ ክርስትና አንስቶ የሠርጉን ፊልም ገና የሚጠብቅ ስንት አለ! ያልተቆራረጠው ጥሬ ቅጂም የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ ከቀራጩ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ አንዱ ወላጆች ቤት፣ አንዱ ከመቀሌ ውጭ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በጦርነቱ ቤትና ሱቅ ሲዘረፍ ያየ ሰው ሁለተኛው ለምን ውጭ እንደሚሆን አይጠይቀንም።