«ጠርዙን ያዝ» ለሚባለው ብስክሌተኛ

ከነቀምቴ ተነስቶ በጉቲን በኩል የጊዳ አያና ወረዳን እያቋረጠ፣ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ ወለጋን ከጎጃም የሚያገናኝ የጭነት መስመር ነው። በገበያ ቀን ጠዋትና ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ግን እንዲህ ባለው መንገድ ላይ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና ብስክሌቱ አንዱን ጠባብ አስፋልት ይሻማሉ። አደጋ ሲደርስ ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው ብስክሌተኛው ላይ ነው፤ ጠርዙን አልያዘም ይባላል። ሂሳቡን ለሚያሰላው ነገሩ ሌላ ነው። የተለመደው የአገር አቋራጭ አስፋልት ወርዱ 7 ሜትር ያህል ስለሆነ ለአንድ አቅጣጫ የሚደርሰው 3.5 ሜትር ነው። ከባድ መኪና ብቻውን 2.5 ሜትር ገደማ ይይዛል። ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ ብስክሌት የሚቀድም ሹፌር ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ያስገድዳሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 4 ሜትር ሞሉ፤ ብስክሌተኛው ራሱ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከፊት መኪና እየመጣ ብስክሌትን በደህና መቅደም አይቻልም። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ሹፌሩ ወደ ግራ ወጥቶ ያልፋል። በገበያ ቀን ግን የግራው መስመር ስለሚያዝ፣ ወይ ፍሬን ይዞ ከኋላ መከተል አለበት፣ ወይ ክላክስ እያስጮኸ ገፍቶ ማለፍ። የትኛው እንደሚበዛ ጥናት አያሻውም፤ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ያለው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ለምን ከአስፋልቱ አይወርድም? የመንገዱ ትከሻ ጠጠር ነው፤ ክረምቱ ሲሸረሽረው ደግሞ ከአስፋልቱ ዝቅ ይላል። ከኋላው ግማሽ ኩንታል በቆሎ የጫነ ብስክሌት ጎማው ከጠርዙ ሾልኮ ሲወርድ፣ ነጂው መልሶ ለመውጣት መሪውን ይጠመዝዛል፤ የሚወድቀውም ወደ መኪናው በኩል ነው። ብስክሌተኛውም ንጹሕ አይደለም። በምሽት ያለ መብራትና ያለ አንጸባራቂ የሚነዳ፣ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ጨብጦ የሚጎተት ሞልቷል፤ ሊታረም ይገባል። ይሁንና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ የሹፌሩ እግር ፍሬኑን ሳይነካ ማለት ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይቀንሳል። ሥርዓት የሚያከብረውንም የማያከብረውንም የሚያተርፈው ይህ ነው። ወለጋ ሰላም ባጣበት ዘመን ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ነዳጅ ሲጠፋና የትራንስፖርት ዋጋ ሲሰቀል ተማሪና ገበሬ የሚቀራቸው ይኸው ብስክሌት መሆኑን አስባለሁ።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ክብደት አለው፤ ከነቀምቴ እስከ ቡሬ ሙሉውን መንገድ ማስፋት ማንም አልጠየቀም። ብስክሌቱና መኪናው የሚጨናነቁት በየከተማው መግቢያና መውጫ ባሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። እዚያ ብቻ ትከሻው በግራና በቀኝ 1.5 ሜትር አስፋልት ይልበስ፤ በከተማ ውስጥ ፍጥነቱ 30 ይሁን፤ የትራፊክ ፖሊስም በገበያ ቀን ጠዋት ይቁም። አዲስ ሐሳብም አይደለም። ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ሲወራ የምንሰማው ግን ስለ አዲስ አበባ፣ ሲበዛም ስለ ትልልቅ ከተሞች ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ለዚህ መስመር በሚያወጣው የሚቀጥለው የጥገና ጨረታ ያቺን 1.5 ሜትር ያስገባ።