ዝምታን የሚችል ተመልካች

ጥበባዊ የአኒሜ ፊልም ለአፍቃሪዎቹ እንጂ ለሰፊው የሲኒማ ተመልካች አይሆንም ይባላል። አልቀበለውም። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሃያኦ ሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ የጃፓንን የገቢ ክብረ ወሰን እስከ 2020 ይዞ ቆይቷል፤ በ2002 በበርሊን ፌስቲቫል የወርቅ ድብን ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቷል። በዚሁ ፊልም ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው ልጅ ውኃ በሸፈነው ሐዲድ ላይ በባቡር ዝም ብላ የምትጓዝበት ትዕይንት አለ። ፍልሚያ የለም፣ ሳቅ የለም፤ ያም ሆኖ ሕፃን አዋቂው አብሯት ተጓዘ። የሚያዛኪ «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን»ም በ2023 ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ፊልም፣ በአንድ ፖስተር ብቻ በጃፓን ተከፍቶ፣ በዚያው ዓመት በሰሜን አሜሪካ በመክፈቻው የሳምንት መጨረሻ የገበያው ቁንጮ ሆነ። የሚያዛኪ ስም ረድቶታል፤ እውነት ነው። ስም የሌላቸው ጀማሪ ዳይሬክተሮች ግን አዳራሽ ከየት ያግኙ? የዚህ እትም ጽሑፎች ከዚህ ጥያቄ ይነሣሉ።