የሶፍትዌር ሙያ የሚያስደስትና የሚያረካ ሥራ ነውን?

ሰው ከዕድሜው ብዙውን ክፍል የሚያሳልፈው በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ሙያ በሚመርጥበት ጊዜ «ምን ያህል ደመወዝ ያስገኝልኛል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «ዕለት ዕለት ስሠራው ደስ ያሰኘኛልን? ማታስ ወደ ቤቴ ስመለስ የረባ ነገር ሠርቼ ዋልሁ ያሰኘኛልን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። በዘመናችን ብዙ ወጣቶች ከሚመኟቸው ሙያዎች አንዱ የሶፍትዌር ምሕንድስና ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሥልጠና ዕቅድ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህም ስሙ ይበልጥ ይነሣል። ታዲያ ይህ ሙያ በእውነት የሚያስደስትና የሚያረካ ነውን?

ከሁሉ አስቀድሞ ሙያው ምን እንደ ሆነ መረዳት ያሻል። ኮምፒዩተር በራሱ ግዑዝ መሣሪያ ነው። ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ፣ እክል ሲያጋጥመውም ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ የሚነግረው የተጻፈለት ትእዛዝ ነው፤ ይህም ሶፍትዌር ይባላል። «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለው ስያሜ የገነነው በ1968 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ ነው። ተካፋዮቹን ያስጨነቃቸው ትልልቅ ፕሮግራሞች ከተወሰነላቸው ጊዜ የሚዘገዩ፣ ከተመደበላቸው ገንዘብ የሚያልፉና በስሕተት የተሞሉ መሆናቸው ነበር። እንግዲህ ሙያው ስሙን ያገኘው ከነችግሩ ነው ማለት ይቻላል።

የሙያውን ደስታ ለመረዳት የደብረ ኤልያስ ተማሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ደብረ ኤልያስ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ በቅኔ ትምህርቷም የታወቀች ናት። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መሣሪያው ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ቃሉ በሰዋስው ካልሰመረ፣ ሰሙም ከወርቁ ካልገጠመ መምህሩ አይቀበሉትም። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ፣ የጠፋው ቃል ድንገት ሲገለጥለት የሚሰማውን ደስታ የቀመሰው ያውቀዋል። ፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ ድንጋይና እንጨት ሳያስፈልገው ከሐሳብ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሠራል፤ በትንሹ ጀምሮ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ አንዲት ነጥብ ስትዛነፍም ሥራው ሁሉ ይቆምበታል። ልዩነቱ፣ ባለቅኔ ለየዕለቱ አዲስ ቅኔ ሲያወጣ፣ በደኅና የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሺህ ጊዜ ተመላልሶ የሚያገለግል መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ርካታ ሌላውን ከመጥቀም የሚገኝ ነው። ኮምፒዩተር ወደ እኛ የመጣው ለሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ተዘጋጅቶ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ግን ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾች አሉት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ፣ እንዲሁም መሐንዲሱ ፍስሃ አጥላው በውጭ አገር ሆነው ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ከደከሙት መካከል ነበሩ። ይሁንና ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ለፊደሉ ልዩ ልዩ ቍጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሳይነበብ ይቀር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ። ዛሬ ከደብረ ኤልያስ ወደ አዲስ አበባ በስልክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ደካሞች በስም ላያውቃቸው ይችላል፤ ፍሬያቸውን ግን ይበላል።

በሌላ በኩል ሙያውን የሚነቅፉ ሰዎች የሚሉት ሐሰት አይደለም። የሥራው ቀን በአብዛኛው የሚያልፈው አዲስ ነገር በመፍጠር ሳይሆን፣ ሌላው የጻፈውን በማንበብና ስሕተት በመፈለግ ነው። አሠሪው ትናንት የፈለገውን ዛሬ ይለውጠዋል። ብዙ መቀመጥ ወገብን ያደክማል፤ የተማሩትም ቶሎ ያረጃል። ኀላፊነቱም ቀላል አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓቱን ሲያሻሽል በተፈጠረ እንከን ምክንያት፣ ደንበኞች ለጥቂት ሰዓታት በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ እንዳስታወቀው የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚህም ሌላ መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ይህን የክልሉ ወጣት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

አንዳንዶችም «ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ማሽን ተገኝቷልና ሙያው አብቅቶለታል» ይላሉ። ይህ ግን ሙያውን ከጽሕፈት ጋር ማምታታት ነው። ማሽኑ ፈጥኖ ይጽፋል፤ የተጻፈው ትክክል መሆኑንና ለሰው መጥቀሙን ግን የሚመረምር ዐዋቂ ያስፈልጋል። ተማሪ ምንም ያህል ፈጥኖ ቢዘርፍ የመምህሩ እርማት እንደማይቀርለት ሁሉ፣ ነገሩን ጠንቅቆ የሚያርም ሰው አስፈላጊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በእኔ አስተያየት የሶፍትዌር ሙያ የሚያስደስትና የሚያረካ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ደመወዙን ብቻ አይቶ የሚገባበት ሰው፣ ስሕተት ፍለጋው የዕለት ቅጣት ይሆንበታል። ትዕግሥት ላለውና ሥራው ለማን እንደሚጠቅም ለሚያስብ ሰው ግን ያው ድካም የደስታው መንገድ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ ይህን ሙያ ከመምረጥህ በፊት ኮምፒዩተር እንኳ ባይኖርህ ራስህን መፈተን ትችላለህ። የሒሳብ ጥያቄ ሲጠፋብህ ደብተሩን ትዘጋለህን? ወይስ የተሳሳትህበትን መስመር እስክታገኝ ድረስ ከመጀመሪያው ትመለሳለህ? ተመላሽ ከሆንህ ሙያው ይስማማሃል። ካልሆንህም አትዘን፤ የምትደሰትበት ሌላ ሥራ አለና እርሱን ፈልግ። የሥራን ጣዕም የሚያውቀው ወዶ የሚሠራው ሰው ነው።