«ባክቴሪያ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በየቡናው ላይ፣ በየውሃ ወረፋው፣ በዕድር ድንኳን ሥር ሳይቀር «ባክቴሪያ» የሚለው ቃል እንደ ልብ ሲነገር እንሰማለን። ልጅ መሬት የወደቀ ሙዝ ሲያነሳ «ተው፣ ባክቴሪያ አለው!» ይባላል። ጉንፋን የያዘው «ባክቴሪያ ነው ያመመኝ» ይላል። ወባ የጣለው ሰው እንኳ «ባክቴሪያው ደሜ ውስጥ ገብቶ ነው» ሲል ይሰማል። ታዲያ ቢባልስ ምን ቸገራችሁ የሚለን አይጠፋም። የቸገረንን እነሆ እንገልጻለን።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ዘንግ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ስሙን ያወጣው ኤረንበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያያቸው ዘንግ መስለው ታይተውት ነው። (ይኸው ሰው ቀደም ሲል በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪክ በ1825 እዚያው ሞቶበታል።) እንግዲህ ባክቴሪያ ማለት በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ጉንፋን ግን የቫይረስ ነው። ወባ ደግሞ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ጥገኛ ተሕዋሲ ናት። ሦስቱ አይገናኙም።

አንዳንዶች ቃሉ የባዕድ ስለሆነ «ተሕዋስያን» እንበል ይላሉ። እኛ አልተስማማንም። ተሕዋስያን ቫይረሱንም ሻጋታውንም ሁሉ ጠቅልሎ ስለሚይዝ ያው ድብልቅልቁ ይቀጥላል። አያቶቻችን አጉሊ መነጽር ሳይኖራቸው አባ ሰንጋን ከአባ ጎርባ ለይተው ይጠሩ ነበር። ሁለቱም በባክቴሪያ የሚመጡ የከብት በሽታዎች መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። እነሱ ያን ያህል ከለዩ እኛ ትኩሳትን ሁሉ በአንድ ስም መጥራታችን ምን ይባላል?

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። «ባክቴሪያ ነው» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ሁለት ቀን ውጦ ሻል ሲለው ያቆምና የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካም፤ ለጉንፋን መዋጡ ከንቱ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን እየለመዱት ይሄዳሉ። ነገ የእውነት የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲመጣ ያው መድኃኒት አልሠራ ይላል። ደግነት መስሎን የተረፈ ክኒን የምንሰጣጣ ሰዎች ይህን እንወቀው።

በሌላ በኩል ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ጨንቻና ዶርዜ ያሉ እናቶቻችን የፋቁትን እንሰት በቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩት፣ አብላልቶ ቆጮ የሚያደርገው ማን ሆነና? እርጎውንም የሚያረጋው እሱው ነው። «ባክቴሪያ አለው አትብላ» ያልነው ልጅ ማታ ቆጮውን በእርጎ ሲበላ ማን ይስቅበታል!

ይኸው እንሰት ግን በዚያው ወገን በሌላ ባክቴሪያ ይጠፋል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ አሳወቁ፤ በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ ገለጹ። ላይ ደጋው በእንሰት፣ ታች አርባ ምንጭ በሙዝ ለሚኖርበት ለጋሞ ሕዝብ ይህ ቀልድ አይደለም። በግቢያችን ሁለት ሦስት እግር ሙዝ ወይም እንሰት የሌለን ስንቶቻችን ነን? በሽታው መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚያዛምተውም የራሳችን ቢላዋና ገጀራ ነው። ልጁን በወደቀ ሙዝ የሚቆጣው አባት የታመመ ግንድ የቆረጠበትን ገጀራ ሳይጠርግ ለጎረቤት ሲያውስ አንድም ሰው «ባክቴሪያ አለው» አይልም! ቃሉ በትክክል የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነበር።

ስለዚህ ገጀራ የምንዋዋስ ሰዎች ከቆረጥን በኋላ ስለቱን በእሳት ለብለብ እናድርገው፤ ወይም በበረኪና እንጠበው። የመሐል ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ የሚያወጣ ተክል ያገኘ ሰው ከነሥሩ ነቅሎ ይቅበረው እንጂ ለከብት አይስጥ፤ ወደ ጎረቤት አጥርም አይወርውር።