ኪቦርዱን ለቀቅ አድርጉት!

“ሙዚቃችንን የገደለው ኪቦርድ ነው።” ይህቺን አባባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። የድሮ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር አንዱ ይነሳና “ያኔ ነበር እንጂ ሙዚቃ! ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ! አሁንማ አንድ ሰው ባንድ ኪቦርድ” እያለ ሙሾ ያወርዳል። እኛም አብረን ከንፈር እንመጣለን።

እኔ ግን ክሱ ውድቅ ይደረግ ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ምስክሬ ኃይሉ መርጊያ ነው። አዎ፣ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉና አንዳንድ ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ስቱዲዮ ሲገባ ከኋላው ባንድ አልነበረም። አኮርዲዮኑን ያዘ፣ ሲንተሳይዘርና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ደረበበት፣ ምቱን ለድራም ማሽን ሰጠና የቆዩ ዜማዎችን ብቻውን ተጫወታቸው። ማሽኑ ከሥር ፍንክች ሳይል ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ከላይ እንደ ሰው ይተነፍሳል። የካሴቱ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ባንድ ቢኖር ኖሮ ይህ ድምፅ አይወለድም ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

“ብቻ መጫወት ባህላችን አይደለም” የምትሉስ? አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ስንት ነው? በገና ደርዳሪውስ? የጋምቤላው ቶምስ፣ ያ ባውራ ጣት የሚመታው መሣሪያ፣ ባንድ ይፈልጋል? ይልቅ የምታለቅሱለት የነሐስ ባንድ ነው ከውጭ የመጣው፤ በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ የአርመን ልጆች አስታውሱ። ትራምፔት አገርኛ ከሆነ ኪቦርድ የማይሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ደግሞስ ባንዶቹን ኪቦርድ ነው የበተናቸው? የደርግ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋ፣ ሙዚቀኛው ሲሰደድ የት ነበርን? ኪቦርዱ የደረሰው ለቀብር ነው፤ ገዳይ ተባለ።

እርግጥ ነው፣ ብዙ የኪቦርድ ዘፈን ይሰለቻል። የሚሰለቸው ግን ተጫዋቹ ከፋብሪካው አብሮ የመጣውን ምት ሳይነካካ ለሃያ ዘፈን ስለሚያዞረው ነው። እነዚያ ያማሃና ኮርግ የተሠሩበት አገር ጃፓን፣ ሃሩኦሚ ሆሶኖ በ1982 በአብዛኛው ብቻውን በሲንተሳይዘርና በሳምፕለር አንድ አልበም ሠራ። ስሙን “ፊልሃርሞኒ” አለው፤ አንድ ሰው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ! የኛዎቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉም ኮምፒውተር ይዘው በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የጎደለን ትራምፔት ሳይሆን ማሽኑን የመነካካት ድፍረት ነው።

ነገሩ የጆሮ ምርጫ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ጋምቤላ ውስጥ ትየርኪዲ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ፤ በ2014 የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ የተከፈተ። እዚያ ላደገ ልጅ ሳክስፎን ከየት ይምጣለት? ልምምድ ቤትስ? ስልክ ወይም ያገለገለ ኪቦርድ ግን እጁ ሊገባ ይችላል፤ የእናቱ ዜማ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። “ባንድ የሌለው ሙዚቀኛ አይደለም” ስንል በሩን የምንዘጋው በእሱ ላይ ነው። ኃይሉም እኮ የሠራው በስደት፣ ያለ ባንድ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሙሾውን ቀነስ አድርጉና ዘፈኑን ስሙ። ሰነፍ ከሆነ ሰነፉን ውቀሱ። ኪቦርዱን ግን ለቀቅ!