የፋብሪካን አደጋ ስለሚከላከል መጽሐፍና ስለ ጸሐፊዎቹ ምርጫ

በዛሬ ዘመን ኬሚካል፥ ጋዝና ነዳጅ በሚሠራባቸው ፋብሪካዎች የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ብረቱን የሚያዝዘው ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩት በብዙ መከራ ያገኙትን ዕውቀት በጊዜው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ሥራ ያለ አደጋ የሚካሄድበትን መንገድ የሚያስተምር ማመሳከሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ታላቅ ተግባር ነው። ከሕትመቱና ከወጪው ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ግን መጽሐፉን ማን ይጻፈው የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በአስረጅ እንዲገለጥ በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በጁን 1 ቀን 1974 ዓ.ም. ፍሊክስቦሮ በሚባል ስፍራ ለናይሎን የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያዘጋጅ የነበረ ፋብሪካ ፈንድቶ 28 ሰዎች ሞቱ። ዕለቱ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ የሟቾቹ ቍጥር እጅግ በበዛ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፥ በተራ ከቆሙት ስድስት ታላላቅ የብረት ጋኖች አምስተኛው በመሰንጠቁ እርሱን አንሥተው አራተኛውንና ስድስተኛውን በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኝተው ኖሯል። የቧንቧውም ንድፍ የተሣለው በሥራ ቤቱ ወለል ላይ በጠመኔ ነበር። የፋብሪካው መሐንዲስ ሥራውን ለቅቆ በቦታው ገና ሌላ አልተተካም። ቧንቧውን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሥራው እንዳይቋረጥ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቧንቧ በሙቀትና በግፊት ጊዜ ምን እንደሚሆን አስልቶ የሚነግራቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ፍራንክ ሊስ በየአገሩ የደረሰውን አደጋና መከላከያውን ሰብስበው በ1980 ዓ.ም. ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1996 ዓ.ም. ታድሶ ሲወጣ ሦስት ጥራዝ ሆነ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ2005 እና በ2012 ዓ.ም. የታተሙት በአሜሪካ በፕሮፌሰር ሳም ማናን አዘጋጅነት ብዙ ዐዋቂዎች ተካፍለውባቸው ወጡ። ፕሮፌሰር ማናንም በ2018 ዓ.ም. ዐረፉ። እንደዚሁም በ1984 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ መርዘኛ ጋዝ አምልጦ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ በ1985 ዓ.ም. የአሜሪካ የኬሚካል መሐንዲሶች ማኅበር ስለዚሁ ጕዳይ የሚያስብ ድርጅት አቋቁሞ፥ ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የተውጣጡ ሰዎች በጉባኤ እየመከሩ መምሪያዎችን ይጽፋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ጸሐፊ የሚፈልግ አዘጋጅ በማዕርግ ስም ብቻ ሊመርጥ አይገባውም። የጋዙን ጠባይ በስሌት የሚያውቅ ሊቅ ያስፈልጋል፤ ሌሊት በፈረቃ ቆሞ መክፈቻና መዝጊያውን የሚያዝዝ ሠራተኛ፥ የተበላሸውን የሚጠግን ባለሙያ፥ የእሳት አደጋ አለቃና በጋዝ የታፈነውን የሚያክም ሐኪምም እንዲሁ ያስፈልጋሉ። የጉባኤ ቤት ሊቃውንት እንደሚያውቁት፥ በቃል ብቻ የኖረ ትምህርት በጽሕፈት ሳይያዝ መምህሩ ቢያርፍ ከርሱ ጋራ ይቀበራል። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የኖረ ሰው ጡረታ በወጣ ቀንም እንዲሁ ያለው ትምህርት ከበር ይወጣል።

በዚህ ሥራ ላይ እንቅፋት የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ኩባንያዎች ክስንና ሐፍረትን ፈርተው የደረሰባቸውን አደጋ መሰወራቸው ነው። ሁለተኛው፥ ብዙ የሚያውቀው ሰው ብዙ ሥራ ያለበት በመሆኑ ለመጻፍ ጊዜ ማጣቱ ነው። ሦስተኛው፥ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ስለዚያው መሣሪያ ምዕራፍ ሲጽፍ ዕውቀትና ንግድ መቀላቀላቸው ነው። መድኃኒታቸውም የታወቀ ነው፤ የኩባንያው ስም ሳይጠራ የአደጋው ትምህርት እንዲጻፍ መፍቀድ፥ አሠሪው ለጸሐፊው ከሥራ ሰዓቱ ከፍሎ እንዲሰጠው ማድረግ፥ እያንዳንዱም ምዕራፍ ጥቅም በሌለው በሌላ ዐዋቂ እንዲመረመር ማዘዝ ነው።

ዕውቀት ተጽፎ መኖሩ ብቻ አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር እውነት ብሏል። በኦገስት 4 ቀን 2020 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ 2,750 ቶን የሚመዘን አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቶበት የነበረው መጋዘን ነድዶ ሲፈነዳ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የጕምሩክ ሹማምንት ግን ዕቃው ከዚያ እንዲነሣ አስቀድመው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ የተኛ ደብዳቤ የብዙ ሰው ዕውቀት አይሆንም። ስለዚህ የወደብ፥ የጕምሩክና የከተማ አስተዳደር ሹማምንትም ከጸሐፊዎቹ ጋራ ሊቈጠሩ ይገባል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው በሚገባው ቋንቋ ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ ውሳኔ አያስከትልምና።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋራ በጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ተዋውሏል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ ነው፤ አሞንያም ለገበሬው በረከት የሚሆነውን ያህል፥ ከጋኑ ቢያመልጥ ዐይንንና ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፥ በእንዲህ ያለው ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች የሚመሩበት መጽሐፍ በአማርኛና ሠራተኛው በሚናገራቸው በሌሎቹ ቋንቋዎች መዘጋጀቱ የሚገባው ፋብሪካው ሳይከፈት ነው።

ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ አለቆች ዐዋቂ ሠራተኞቻቸው በዚህ ሥራ እንዲካፈሉ ሲጠየቁ እንደ ሥራ መፍታት አይቍጠሩባቸው፤ ጡረታ የወጡትንም ፈልገው ይጋብዙ። ቋንቋ ዐዋቂ የሆኑት ሊቃውንትም ለጋዙ፥ ለግፊቱና ለመዝጊያው የሚስማማ ስም በማውጣት ይርዱ። ከዚህ መጽሐፍ የሚገኘው ትርፍ በገንዘብ አይቈጠርም፤ ማታ ከሥራው በደኅና ወደ ቤቱ የሚመለስ አባትና ልጅ ነው።